የአንቴና ታሪክ፦ ከሄርትዝ የዚንክ ቆርቆሮ እስከ ድሮን ሪሞት



በፊዚክስ ክፍል ስለ ሞገድ ስናስተምር ከተማሪዎች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ድሮን ለምን የተወሰነ ቦታ ድረስ ብቻ ይሄዳል? የሪሞቱን ኃይል ቢጨምሩት አይርቅም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ አጭር ቢሆንም ከ130 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። ለመዝናኛ ድሮን የሚያበሩ ሰዎች ርቀት ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀይሩት አንቴናውን ነው። አንዳንዶቹ አዲስ አንቴና ይገዛሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቆርቆሮና ከመዳብ ሽቦ ራሳቸው ይሠራሉ። በዚህ እትም የምናቀርበው ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ርዕስ የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለን። ተማሪዎቻችን «ላብራቶሪ የለንም፣ ገንዘብ የለንም፣ ስለዚህ ሳይንስ የሌላ ሰው ነው» ሲሉ እንሰማለን። የአንቴና ታሪክ ግን በአብዛኛው የሽቦ፣ የቆርቆሮና የትዕግሥት ታሪክ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። «ድሮን» የሚለው ቃል ለሁላችንም አንድ አይደለም። በመካከላችን ድምፁን ከሰማይ ሰምተው ቤታቸውን ጥለው የሸሹ ቤተሰቦች አሉ። እዚህ የምንናገረው ፎቶ ለማንሳትና ለመጫወት ስለሚበረው ትንሽ ድሮን ነው። ቢሆንም የአንቴናው ታሪክ ራሱ ከጦርነት የራቀ ስላልሆነ ያንን ክፍል አንደብቅም።

ብልጭታና ቆርቆሮ

በ1865 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ኤሌክትሪክና ማግኔት አንድ ላይ ሆነው እንደ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ሊጓዙ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳየ። ሞገዱን በሙከራ ያሳየ ግን አልነበረም። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሄርትዝ በካርልስሩኸ ከተማ በ1887 እና በ1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች ሞገዱን ክፍል ውስጥ አመንጭቶ ተቀበለው። መሣሪያው ዛሬ ብናየው የሚያስደንቅ አይመስልም። በአንድ በኩል መሐሉ ላይ የተቋረጠና ብልጭታ የሚዘልበት ዘንግ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጫፎቹ ሊነካኩ ጥቂት የቀራቸው የሽቦ ቀለበት። ማሰራጫው ብልጭ ሲል፣ ምንም ሳይነካው፣ በቀለበቱም ጫፍ ላይ ትንሽዬ ብልጭታ ትታይ ነበር።

ሄርትዝ በዚህ አላቆመም። 2 ሜትር ቁመት ያለው የዚንክ ቆርቆሮ ወስዶ እንደ ገንዳ አጎበጠና ከማሰራጫው ኋላ አቆመው። ተመሳሳዩን ከመቀበያው ኋላ አደረገ። ያን ጊዜ ሞገዱ ተሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ። ዛሬ በየጣሪያው የምናየው ዲሽ አያቱ ይህ ቆርቆሮ ነው።

ነገሩን በኩራዝና በእጅ ባትሪ ማስረዳት ይቻላል። ኩራዝ ሲበራ ብርሃኑ በዙሪያው ይበተናል። የእጅ ባትሪ ግን አምፖሉ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሩቅ ያሳያል፤ ከአምፖሉ ኋላ ያለው አንጸባራቂ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት ስለሚልከው ነው። የተጨመረ ብርሃን የለም። ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይባክን የነበረው ነው ወደ ፊት የዞረው። አንቴናም እንዲሁ ነው። ከራሱ የሚያመነጨው ኃይል የለም፤ ያለውን ይሰበስባል። በአንድ በኩል ያገኘውን በሌላ በኩል ያጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ የሚቆመው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

የማርኮኒ ከፍታ

ሄርትዝ በ1894 ገና በ36 ዓመቱ አረፈ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1895፣ ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ በቦሎኛ አቅራቢያ ባለው የቤተሰቡ ቤት ሙከራ ያደርግ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት ሲሆን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። እርሱ ያደረገው ለውጥ የሚያስገርም ቀላል ነው፤ የማሰራጫውን አንዱን ጫፍ መሬት ውስጥ ቀበረ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ላይ ከፍ አደረገ። ርቀቱ ወዲያው ጨመረ። ምልክቱ ከኮረብታ ማዶ፣ 2 ኪሎ ሜትር ከሚያልፍ ርቀት ላይ ሲደርስ፣ እዚያ የነበረው ወንድሙ «ሰማሁ» ለማለት ጠመንጃ ተኮሰ።

ማርኮኒ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሳ በእንግሊዝ ፖልዱ በተባለ ቦታ 20 ከፍተኛ ምሰሶዎች በክብ አስተከለ። በ1901 ሴፕቴምበር ላይ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሁሉንም ገለበጣቸው። ታዲያ በፋንታው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦዎች እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሥራውን ቀጠለ። በማዶ በኩል፣ በኒውፋውንድላንድ፣ ምሰሶ የሚተክልበት ጊዜ አልነበረም። መቀበያ ሽቦውን በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት አስሮ ወደ ሰማይ ለቀቀው። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተላከውን ሦስት ነጥብ፣ ማለት በሞርስ ቋንቋ «ኤስ» የሚለውን ፊደል፣ እንደሰማ አስታወቀ። በዕለቱ በእርግጥ ሰምቷል ወይ ብለው የሚጠራጠሩ ምሁራን እስከ ዛሬ አሉ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን የአትላንቲክ ማዶ ሬዲዮ የዘወትር ሥራ ሆነ።

የወንድ ንብ ስም

ሽቦ አልባ ወሬ ከመላክ ወደ ሽቦ አልባ መንዳት የተሻገረው ኒኮላ ቴስላ ነው። በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ ትንሽ ጀልባ ውኃ ላይ አስቀምጦ በሬዲዮ ሞገድ ነዳት። ዛሬ የሕፃናት መጫወቻ መኪናም ሆነ የድሮን ሪሞት የዚያች ጀልባ ዘር ነው።

በ1935 እንግሊዞች ለመድፈኞቻቸው የኢላማ ልምምድ የሚሆን ሰው የሌለበት አውሮፕላን ሠሩና «ንግሥት ንብ» አሉት። አሜሪካኖች የራሳቸውን ሲሠሩ በእንግሊዝኛ ወንዱን ንብ የሚጠሩበትን «ድሮን» የሚለውን ስም ሰጡት። ስሙ ከዚያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይነገራል። በ1937 ደግሞ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በሬዲዮ የሚመራ የሞዴል አውሮፕላን ሠርተው አበረሩ። የመዝናኛው በረራ ሥር እዚህ ጋ ነው።

የጣሪያው የዓሣ አጥንት

አሁን ወደ ታሪካችን እምብርት ደርሰናል። በጃፓን ሴንዳይ ከተማ፣ በቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ፣ ሂደትሱጉ ያጊ የሚባሉ ፕሮፌሰርና ሺንታሮ ኡዳ የሚባል ወጣት ረዳታቸው አጫጭር ሞገዶችን ያጠኑ ነበር። ያገኙት ነገር እንዲህ ነው። ከማሰራጫው ጋር ከተያያዘው ዘንግ ኋላ ትንሽ ረዘም ያለ ዘንግ፣ ከፊቱ ደግሞ አጠር አጠር ያሉ ዘንጎች በልክ ቢደረደሩ፣ ከምንም ጋር ሳይያያዙ ሞገዱን ወደ ፊት ይመሩታል። የኋላው ያንጸባርቃል፣ የፊቶቹ ይስባሉ። ሌላ ማሽን የለውም፤ ዘንግና ትክክለኛ ርቀት ብቻ!

ዝርዝር ሙከራውን የሠራው በዋናነት ኡዳ ነው፤ ውጤቱን ከ1926 ጀምሮ በጃፓንኛ አሳተመ። ያጊ ደግሞ በ1928 በእንግሊዝኛ ጻፉ። በጽሑፋቸው የኡዳን ሥራ ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን የፈጠራ መብቱ በያጊ ስም ተመዝግቦ ነበር፣ ዓለምም ያነበበው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንቴናው «ያጊ» ተብሎ ቀረ። ዛሬ መጻሕፍት «ያጊ-ኡዳ» እያሉ የረዳቱን ስም መልሰውለታል። እኛ መምህራንም ስናስተምር ሁለቱንም ስም ብንጠራ ጥሩ ነው።

በአገሩ ግን ይህን አንቴና ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። የጃፓን ጦር ችላ አለው። በሌሎች አገሮች ግን ተሠራበት። በ1942 መጀመሪያ ጃፓኖች ሲንጋፖርን ከእንግሊዝ ሲይዙ ስለ ራዳር የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ አገኙ። በውስጡ «ያጊ» የሚል ቃል ይደጋገማል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ የእንግሊዝ ምርኮኛ ሲጠየቅ አንቴናውን የፈለሰፈው የጃፓናዊ ስም መሆኑን ነገራቸው። የራሳቸውን ሰው ስም ከጠላት ምርኮኛ አፍ ሰሙ ማለት ነው።

የታሪኩ መራራ ክፍል ደግሞ በ1945 መጣ። ኦገስት 6 ቀን ሂሮሺማ ላይ የተጣለው አቶሚክ ቦምብ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለካ የነበረው በያጊ ዓይነት አንቴናዎች ነበር። ዘንጉ ራሱ ክፉም ደግም አያውቅም። የሚጠቀምበት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ወይም ማወቅ ያለበት።

ከጦርነቱ በኋላ ይኸው አንቴና በየአገሩ ጣሪያ ላይ ወጣ። በ1964 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ በረጅም ብረት ላይ የተሰቀለው የዓሣ አጥንት የሚመስለው ነገር። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞራል፣ ሌላው ከቤት ሆኖ «ትንሽ ወደ ግራ! እሱ ጋ! ኧረ አለፍከው!» እያለ ይጮኻል። እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት የኡዳን ሙከራ ይደግሙ ነበር።

የ1946 ሁለት ትምህርቶች

በ1946 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ሃራልድ ፍሪስ የሬዲዮ ርቀትን የሚያሰላ አጭር ቀመር አሳተመ። ከቀመሩ የምንወስደው ይህን ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ድሮንን በእጥፍ ርቀት ለመምራት የሪሞቱ ኃይል 4 ጊዜ መጨመር አለበት። 100 ሚሊዋት የነበረው 400 ይሆናል። 10 እጥፍ ለመራቅ ደግሞ 100 ጊዜ፣ ማለት 10 ዋት ያስፈልጋል! ይህ ባትሪ ይጨርሳል፣ ያሞቃል፣ ሌላውን ሰው ይረብሻል፣ ሕግም አይፈቅደውም። ተማሪዎቻችን «ኃይሉን ቢጨምሩትስ?» ሲሉ መልሱ ይኸው ነው።

አንቴናው ግን ሞገዱን 4 እጥፍ ቢሰበስብ ያንኑ ሥራ ያለ ተጨማሪ ባትሪ ይሠራል። ከዚህም በላይ ኃይል ማጉያ የሚያጎላው አፍን ብቻ ነው። አንቴና ጆሮንም ያጎላል። ከድሮኑ የሚመጣው ደካማ የቪዲዮ ምልክት በዚያው አንቴና ይበልጥ ይሰማል።

ሁለተኛው ትምህርት ከአሜሪካዊው ጆን ክራውስ ነው። አንድ ንግግር ሲያዳምጥ ተናጋሪውን «ጠመዝማዛ ሽቦ አንቴና ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ተናጋሪው «ሞክሬዋለሁ፣ አይሠራም» አለው። ክራውስ ቤቱ ሄዶ 7 ዙር ያለው ሽቦ ጠመዘዘና ለካ፤ ሠራ። ይህ አንቴና ሞገዱን እያሽከረከረ ስለሚልከው ተቀባዩ ቢያጋድልም ምልክቱ አይጠፋም። በኋላ ለሳተላይቶች እጅግ ጠቀመ።

ወደ ድሮኑ እንመለስ

ከ2010 ገደማ ጀምሮ በአራት ሞተር የሚበሩ ድሮኖች በብዙ አገሮች በመደብር መሸጥ ጀመሩ። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት 2.4 ወይም 5.8 ጊጋኸርትዝ ነው። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንቴናው የአንድ ጣት ያህል የሚሆነው። አብራሪዎቹ ርቀት ሲፈልጉ ያደረጉት ከላይ ያየናቸውን ሰዎች መከተል ነው። አንዳንዱ በሪሞቱ አንቴና ኋላ የታጠፈ አሉሚኒየም ሰካ፤ ይህ ሄርትዝ ነው። አንዳንዱ የያጊን ዘንጎች፣ ሌላው ጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚመስል አንቴና ገጠመ። ድሮን ሲዞር ስለሚያጋድል ለቪዲዮው የሚሽከረከር ሞገድ የሚልኩ አንቴናዎችን መረጡ፤ ይህ ደግሞ የክራውስ ሐሳብ ነው።

ከልምዳቸው የወጡ አራት ነጥቦች ለክፍልም ይጠቅማሉ፦

1ኛ. የሚሰበስበው አንቴና በመሬት በኩል ይሁን። ድሮኑ ፊቱን ስለሚያዞር በእርሱ ላይ ያለው አንቴና በሁሉም አቅጣጫ መስማት አለበት። በመሬት ያለው ሰው ግን ወደ ድሮኑ ሊያነጣጥር ይችላል። ካላነጣጠረ ግን ከመጀመሪያው ይብስበታል።

2ኛ. የዘንግ አንቴናን ጫፍ ወደ ድሮኑ አትቀስሩ። እንደ ጠመንጃ መቀሰር ደስ ቢልም በጫፉ በኩል የሚወጣው ሞገድ በጣም ደካማ ነው። ጎኑ ነው ወደ ድሮኑ መሆን ያለበት።

3ኛ. ከፍታና ግልጽ እይታ ከሁሉ ይበልጣል። ድሮኑ 100 ሜትር ከፍ ቢል በሜዳ ላይ የሬዲዮ አድማሱ 41 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚከለክለው ዛፍ፣ ቤትና ኮረብታ ነው። ሞገዱ የሚያልፍበት መስመር ዙሪያውም ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ለ1 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ መሐሉ ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው 5.6 ሜትር ያህል ማለት ነው።

4ኛ. ሬዲዮው ቢደርስ ባትሪው ይመልሳል ወይ? አንቴና የሚያረዝመው ወሬውን እንጂ በረራውን አይደለም። የሄደ መመለስ አለበት።

ሕጉንም አንርሳ። በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረር አይቻልም። በብዙ አገሮች ድሮኑ ከአብራሪው ዓይን እንዳይሰወር ይጠየቃል። በካምፕ አካባቢ ደግሞ የጎረቤትን ፍርሃት ማክበር ከሕግም በፊት የሚመጣ ነገር ነው። ይህን የምንጽፈው ተማሪ ድሮን ገዝቶ እንዲያበር አይደለም፤ ሞገድ እንዴት እንደሚሄድ እንዲያውቅ ነው።

ከተራራ ወደ ተራራ

አንቴና ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንጨምር። በቬንዙዌላ የሜሪዳ ከተማ መምህር የነበሩት ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊና ባልደረቦቻቸው ለቢሮና ለቤት የተሠራውን ተራ የዋይፋይ መሣሪያ ወሰዱ። ይህ መሣሪያ በተለመደው አንቴናው መቶ ሜትር ያህል ቢሄድ ነው። እነርሱ ግን ከዲሽ ጋር አያይዘው በተራሮች ጫፍ ላይ አቆሙት። በ2006 279 ኪሎ ሜትር፣ በ2007 ደግሞ 382 ኪሎ ሜትር አገናኙ። ይህን ያደረጉት ለውድድር ብቻ አልነበረም፤ ዓላማው ኬብል ወደማይደርስባቸው የገጠር ቦታዎች ኢንተርኔት በትንሽ ወጪ ማድረስ ነበር።

በእኛው አካባቢም ርቀት የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ታይቷል። ከ2016 ጀምሮ በሩዋንዳ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለሆስፒታሎች ደም ማድረስ ጀመሩ። እነዚህ መንገዳቸውን በሳተላይት አቅጣጫ እየለዩ ራሳቸው የሚበሩ ስለሆኑ ከመዝናኛው ድሮን ይለያሉ። ቢሆንም ሳተላይቱን የሚሰሙት በአንቴና ነው።

ለክፍላችን የሚሆነን

በካምፕ ውስጥ ከሬዲዮው አንቴና ላይ ሽቦ አስሮ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ጣሪያ የወሰደ ሰው ይህን ታሪክ በእጁ ያውቀዋል። ማታ የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት ለመስማት ስንቶቻችን ሽቦ ስናንጠለጥል አምሽተናል! ያንን ያደረገ ሰው ማርኮኒ ያደረገውን አድርጓል። የጎደለው መለካትና መጻፍ ብቻ ነው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው። ኡዳን ያስታወሱት ጽሑፉ ስለነበረ ነው። ክራውስ «አይሠራም» ሲባል ሄዶ ስለለካ ነው የተሳካለት። የጃፓን ጦር የተጎዳው እውቀት ስላልነበረ አይደለም፤ በደጁ ያለውን እውቀት ስላላዳመጠ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ትምህርታችን መሐል ላይ ተቋርጧል። ዘንጉም ሞገዱም ግን የምስክር ወረቀት አይጠይቁም። በትክክል የለካ ሰው መልሱን ያገኛል።

ስለዚህ አንድ ቀላል ሙከራ እናቀርባለን። በ100 ሜጋኸርትዝ የሚሰራጭ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ግማሹ 1.5 ሜትር ነው። ደካማ የሚሰማ ጣቢያ ፈልጉ። የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሽቦዎች በሬዲዮው አንቴና ላይ እያሰራችሁ፣ አንዴ ቁመው አንዴ ተጋድመው፣ ድምፁ የቱ ጋ እንደሚጠራ በደብተር ጻፉ። ማስጠንቀቂያ፦ ሽቦውን የመብራት መስመር አጠገብ አትወስዱ፣ ዝናብና መብረቅ ሲመጣ ቶሎ አውርዱት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአንድ ሪሞት ኃይል ከ100 ወደ 900 ሚሊዋት ቢያድግ ርቀቱ ስንት እጥፍ ይጨምራል?
2. የ5.8 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው።
3. በድሮኑ ላይ ያለው አንቴና ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰበስብ እንዲሆን አይመረጥም?
4. አንድ ሥራ ሁለት ሰዎች ሠርተው የአንዱ ስም ብቻ ቢጠራ፣ በክፍላችሁ የቡድን ሥራ ላይ ምን ደንብ ታወጣላችሁ?

የሙከራችሁን ውጤት ከነሠንጠረዡ ለመምህሮቻችሁ ስጡ። የሠራችሁትን ሁሉ ስም መጻፍ እንዳትረሱ።